ታኮ ሳደርግ ሕመሙ ይተወኛል፤ ታዲያ ለምን ላውልቀው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በደንበኞች መስተንግዶ ነው የምሠራው። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታኮ ያለው ጫማ ነው የማደርገው። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ወድጄው ነው። ሥራ አስኪያጃችንም ሴቶቹ ፍላት ጫማ አድርገን ካየን ፊቱ ይቀየራል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእግሬ ጣቶች ሥር ያቃጥለኛል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣቴ መካከል ይደነዝዘኛል። የአውራ ጣቴ አጥንትም ወደ ጎን ወጣ ማለት ጀምሯል። በጣም ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት በባዶ እግሬ ከአልጋ ስወርድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጫማዬን አውልቄ ስቆም፣ ተረከዜንና ባቴን ያመኛል። ታኮ ሳደርግ ይተወኛል። ጓደኛዬ መክራኝ ፍላት ገዝቼ አንድ ሳምንት ሞከርኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ስለዚህ እግሬ ታኮ ለምዷል፣ ፍላቱ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይም አንድ ሁለቴ እግሬን ወለም ብሎኛል። እናቴ ደግሞ “ማህፀንሽን ይጎዳዋል” እያለች ታስፈራራኛለች። ጥር ላይ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው፤ ሚዜ ነኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉንም እመጣበታለሁ። “ታኮ ሳደርግ ይተወኛል” ባልሽው ልጀምር። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከሴቶች ደጋግሜ የምሰማው አባባል ነው። ብዙዎቹም እንዳንቺው “እንግዲህ እግሬ ለምዶታል” ብለው ይደመድማሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ድምዳሜ ነው። ያ ምቾት ራሱ የጉዳቱ ምልክት ነውና።

የባት ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ እየቀጠነ ሄዶ ጠንካራ ጅማት ይሆናል። ጅማቱ የተረከዝ አጥንት ላይ ይያያዛል። አኪለስ የሚባለው እሱ ነው። ተረከዝሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጡንቻው ከሚነሳበት እስከሚያያዝበት ያለው ርቀት ያጥራል። ለአንድ ምሽት ከሆነ ምንም አይደለም። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለዓመታት ከሆነ ግን ጡንቻው ከዚያ አጭር ርቀት ጋር ራሱን ያስተካክላል። ያጥራል ማለት ነው።

ይኼ ግምት አይደለም፤ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆርናል ኦፍ ኤክስፐሪመንታል ባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ታኮ ለዓመታት አዘውትረው ያደረጉ ሴቶችን ፍላት ከሚያደርጉት ጋር አነጻጽሯል። ታኮ የሚያዘወትሩት ሴቶች የባት ጡንቻቸው ክሮች 13 በመቶ ያህል አጥረው ተገኙ። ጅማታቸው ደግሞ ወፍሮና ደንድኖ ነበር። የደነደነ ጅማት እንደ ልብ አይሳብም። እንዲህ የሆነ እግር በባዶው መሬት ሲረግጥ ያጠረው ጡንቻና የደነደነው ጅማት በግድ ይጎተታሉ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ፣ ቅዳሴ ላይም ስትቆሚ የሚሰማሽ እሱ ነው። ታኮሽን ስታደርጊ መጎተቱ ይቆማል፤ ሕመሙም ይተውሻል። ማጠሩ ግን ይቀጥላል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ያለ ታኮ መቆም የምትችዪበት ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

የጓደኛሽ ምክር በቅንነት ነው፤ አቅጣጫውም ትክክል ነው። የጎደለው ጊዜ ነው። ከ9 ሳንቲ ሜትር ወደ ዜሮ በአንድ ሌሊት ስትወርጂ ዓመታት የፈጀውን ማጠር በአንድ ሳምንት ቀጥ ልታደርጊው ሞከርሽ ማለት ነው። ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ እንጂ በመስኮት አይወረድም። ጭራሽ የባሰብሽ እግርሽ ለታኮ ስለተፈጠረ አይምሰልሽ።

እንግዲያው እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ታኮው ወፈር ያለ ጫማ አድርጊ። ሦስት አራት ሳምንት ቆዪበት። ጠዋት ባትሽ እንደ በፊቱ የማያስቸግርሽ ከሆነ ወደ 4 ወይም 5 ዝቅ በዪ። ከወር በኋላ ወደ 3። ለሥራ ቀን 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ ግዴታሽ አይደለም። ሶሉ በጣም የሳሳ፣ እጥፍ ብሎ ኪስ የሚገባ ዓይነት ፍላት ጫማ ላንቺ በአሁኑ ሰዓት አይሆንም። ምንም ደገፍ የማያደርግ ስለሆነ ተረከዝሽን ያስቆጣዋል።

ስትለኪ አንድ ነገር ልብ በዪ። እግርሽ የሚያውቀው በተረከዙና በፊተኛው ክፍል መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከኋላ 7 ሆኖ ከፊት ሶሉ 3 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጫማ ለጡንቻሽ ባለ 4 ነው። ቁመት ስለምትፈልጊ ይኼ ይጠቅምሻል። ከመሬት 7 ትነሺያለሽ፤ እግርሽ የሚያዘነብለው ግን 4 ብቻ ነው። ግን ሶሉ በጣም ሲወፍር እግር መሬቱን በደንብ አይሰማውም፤ ወለም ማለትም ይቀላል። ስለዚህ መጠን ይኑረው።

ከጫማው እኩል የሚያስፈልግሽ ባትሽን መሳብ ነው። ግድግዳ ፊት ቁሚ። ሁለት እጅሽን ግድግዳው ላይ አሳርፊ። አንዱን እግርሽን ወደ ኋላ ውሰጂ፤ ተረከዙ ከወለሉ አይነሳ፣ ጉልበቱም አይታጠፍ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ግድግዳው ዘንበል በዪ። ባትሽ ላይ መሳብ ይሰማሻል። 30 ሰከንድ ያህል እዚያው ቆዪ። ቀጥሎ ያንኑ የኋላ ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርገሽ ድገሚው፤ ይኼኛው ጠለቅ ብሎ ያለውን ጡንቻ ያገኘዋል። በእያንዳንዱ እግር ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። እየነጠርሽ አትሳቢ። መሳብ ይሰማሽ እንጂ እስከ ሕመም አትሂጂ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የደረጃ ጠርዝ ላይ ቆመው ተረከዝ ወደ ታች የሚያንጠለጥሉበት አለ፤ እሱን ለጊዜው ተዪው፤ ለደነደነ ጅማት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። በሳምንት ውጤት አትጠብቂ። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።

ጠዋት የሚያምሽ ተረከዝሽ ሥር ከሆነና የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ከሆነ፣ የውስጥ እግርሽን ከተረከዝ እስከ ጣት የሚይዘው ጅማትም ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ያጠረ ባት እሱንም ያባብሰዋል። ለሱ ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊ። ሲበርድ በካልሲ ሆነሽ ውስጥ እግርሽን ላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አንከባሊው። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጊ፤ ከቤት ከመውጣትሽ በፊትም ባትሽን ሳቢ። ስትቆሚ አንድ ቦታ ድርቅ አትበዪ፤ ክብደትሽን ከእግር ወደ እግር አቀያይሪ።

አሁን ወደ ጣቶችሽ ልሂድ። በባዶ እግር ስንቆም ከክብደታችን የሚበልጠው ተረከዛችን ላይ ነው የሚያርፈው። ተረከዙ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይንሸራተትና ከጣቶቹ ሥር ባሉት ትንንሽ አጥንቶች ላይ ይወድቃል። ማቃጠሉ ከዚያ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚሰማሽ ድንዛዜ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በእነዚያ ጣቶች መካከል የሚያልፍ ነርቭ አለ። ክብደት ከላይ፣ ሹል ጫማ ከጎንና ከጎን ሲያጨናንቁት በዙሪያው ያለው ሥጋ ይወፍራል። ሐኪሞች ሞርተን ኒውሮማ ይሉታል። ብዙ ሴቶች “ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስለኛል፤ ሳወልቀው ግን ምንም የለም” ይላሉ። ጫማ አውልቆ ጣቶቹን ማሸት ያስታግሰዋል። አንቺም እንደዚያ ከሆንሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ይታይ። በጊዜው ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ሰፊ ጫማና ከጣቶቹ ሥር ከሚያምሽ ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀመጥ ለስላሳ ትራስ ይበቃዋል። ትራሱን የሚያምሽ ቦታ ላይ እንዳታደርጊው። እዚያ ከሆነ ይጫነዋል።

የሕመም ማስታገሻ ነገርም አለ። ቢሮ መሳቢያቸው ውስጥ ዲክሎፌናክ አስቀምጠው እየዋጡ የሚውሉ እህቶች አሉ። እባክሽ ከእነሱ እንዳትሆኚ። በዚህ ዓይነት ለወራት የተወሰደ ማስታገሻ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ደግሞም ሕመሙን አፍኖ ነርቩ ሲጨናነቅ እንዲውል ያደርጋል።

የአውራ ጣትሽ አጥንት ወጣ ማለቱ ቡኒየን የሚባለው ነው። አጥንቱ አድጎ አይደለም። ጣቱ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሲያዘነብል መገጣጠሚያው ወደ ውጭ ይወጣል። እናትሽን ወይም አክስቶችሽን ጠይቂ፤ በቤተሰብ የሚወረስ ነገር አለበት። ታኮ ፈጽሞ አድርገው የማያውቁ ሴቶችም ይወጣባቸዋል። ዝንባሌው ባለበት እግር ላይ ሹልና ጠባብ ጫማ ሲጨመር ግን ይፋጠናል፤ ይቆጣል፤ ያብጣል። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። አንዴ የዞረ ጣት በሥፖርት አይመለስም። ኦንላይን የሚሸጡት በጣቶች መካከል የሚገቡ የጎማ ማስተካከያዎችም አጥንቱን አያቃኑትም። ሲደረጉ ደስ ሊሉሽ ይችላሉ፤ “በሦስት ወር ያስተካክላል” ለሚለው ግን ገንዘብሽን አትስጪ። ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱም ሕመም ለጸናበትና መራመድ ላዳገተው እንጂ ለመልክ ብሎ የሚገባበት አይደለም። ያንቺ ገና ጀማሪ ነው። ፊቱ ሰፋ ያለ ጫማ ብቻውን ብዙ ሊያቆየው ይችላል።

ጫማ ስትገዢ እንግዲህ ከታኮው በፊት አፍንጫውን እዪ። ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ በባዶ እግርሽ ቆመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። አሁን የምታደርጊውን የሥራ ጫማ ሥዕሉ ላይ አስቀምጪው። ምን ያህል የእግርሽ ክፍል ከጫማው ውጭ እንደሚቀር ታያለሽ። ያን ወረቀት አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና መርካቶም ሂጂ ቦሌ ይዘሽው ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሹ ላይ ግዢ፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣልና። ሁለቱንም እግር ለኪ፤ አብዛኞቻችን አንዱ ይበልጣል፤ ለሚበልጠው ነው የሚገዛው። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይቅር። ሻጩ “ሲለበስ ይሰፋል” ካለሽ አትስሚው። ቆዳ ትንሽ ይለሰልስ ይሆናል፤ ጠባብ ቅርጽ ግን ሰፊ አይሆንም። “እኔ ቁጥሬ 37 ነው” ብለሽም አትከራከሪ። እግር ከዕድሜ ጋር ይሰፋል፤ ከእርግዝና በኋላም በብዙ ሴቶች ላይ ቁጥሩ ይጨምራል። አሁን ያሉሽን ጫማዎች ለጫማ ሰፊ ሰጥተሽ ታኮውን ለማስቆረጥ ካሰብሽ ደግሞ በጣም ጥቂት ብቻ ነው የሚቻለው። ብዙ ከተቆረጠ የጫማው ፊት ወደ ላይ ይነሳል፤ አረማመድሽም ይበላሻል።

ስለ ጉልበትሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን አልፌው አልሄድም። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጤናማ ሴቶች በታኮና በባዶ እግር ሲራመዱ ለክቷል። በታኮ ሲራመዱ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ያውም መገጣጠሚያ በዕድሜ ሲበላ በብዛት በሚጎዳባቸው ቦታዎች ላይ። ተመራማሪዎቹ በ2001 ተመልሰው ወፍራሙን ታኮ ፈተሹት። ጉልበት ላይ ያለው ጫና ወፍራም ስለሆነ አልቀነሰም። ወፍራም ታኮ ቁርጭምጭሚትሽን ከመውደቅ ይጠብቅልሻል እንጂ ጉልበትሽን አይጠብቅልሽም። ለጉልበት የሚጠቅመው ከፍታውን መቀነስ ብቻ ነው።

ወለም ያለሽን ነገር አቅልለሽ ነው የጻፍሽው፤ እኔን ግን ከሁሉም ያሰጋኝ እሱ ነው። ሌላው ጉዳት በዓመታት ይመጣል፤ ይኼ በአንድ ሰከንድ ነው። ተረከዝ ከፍ ሲል የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ልቅ ይሆናል፤ ትንሽ ነገር ወደ ጎን ያዞረዋል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ የኮብልስቶን ክፍተት፣ ከታክሲ ስትወርጂ የተሰበረ የእግረኛ መንገድ፤ እኛ ከተማ ውስጥ ቀጭን ታኮ የሚሰነቀርበት ቦታ አይታጣም። ስለዚህ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በስኒከር ሂጂ። ታኮሽን በቦርሳ ያዢ ወይም ቢሮ ተዪው። መኪና የምትነጂ ከሆነም እንደዚሁ፤ በታኮ ፍሬን መርገጥ አደጋ ነው። ያጠረ ባትሽ እስኪላላ ድረስ ደረጃ ስትወርጂ ደገፉን ያዢ።

አንዴ ወለም ካለሽ ደግሞ ምን እንደምታደርጊ ከአሁኑ እወቂ። ወድቀሽ ስትነሺ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ፣ ወይም በቁርጭምጭሚትሽ ግራና ቀኝ ጉብ ያሉት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው ሲነኩ ካመሙሽ፣ ወይም ከትንሿ ጣት በላይ የእግርሽ ውጨኛ ጎን መሃሉ አካባቢ አጥንቱ ሲነካ ካመመሽ፣ ራጅ ያስፈልግሻል። ይኼ መለኪያ ከካናዳ ኦታዋ ከተማ የመጣ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ራጅ ከመነሳትሽ በፊት ወጌሻ ዘንድ አትሂጂ። ወጌሻን መናቄ አይደለም። ብዙ ሰው ታሽቶ ተሽሎት አይቻለሁ። ግን የተሰበረውንና ወለም ያለውን በእጅ ዳብሶ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል። የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ይለያያል። ከዚያም አልፎ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግር ደም አጥሮት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። አገራችን ውስጥ በአጥንት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ፣ የሚያሳዝን ነገር ነው። ታስረሽ ጣትሽ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ለእናትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ታኮ ማህፀንን እንደሚጎዳ ወይም መውለድን እንደሚከለክል የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ የለም። ስለዚህ በዚህ አትጨነቂ። ግን እናቶች ያለ ምክንያት አይፈሩም። በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፣ ሆድ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ይቀየራል፣ እግርም ያብጣል። ያኔ በታኮ መውደቅ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው። ያን ጊዜ ሲመጣ ታኮውን ሙሉ በሙሉ አስቀምጪው። ቤታችሁ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይኼን ሁሉ በእጥፍ ጥንቃቄ ይስማ። ስኳር የእግርን ስሜት ይቀንሳል፤ ጠባብ ጫማ ያቆሰለው ሳይሰማ ይከርማል።

አሁን ሥራ አስኪያጅሽ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ንዴቴን አልደብቅሽም። ታኮ ወደሽ ስታደርጊ አንድ ነገር ነው፤ ፊት እየተነሳሽ ስታደርጊ ሌላ ነው። የገንዘብ ቆጠራሽም፣ የደንበኛ አያያዝሽም በጫማሽ ከፍታ አይሻሻልም።

ይኼን ጥያቄ ያነሳሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ ኒኮላ ቶርፕ የተባለች የእንግዳ ተቀባይ ሠራተኛ ፍላት ጫማ አድርጋ ሥራ ስትገባ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ታኮ አድርጊ ተባለች። እምቢ ስትል ያለ ደመወዝ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያቀረበችውን አቤቱታ ከ150,000 በላይ ሰው ፈረመበት፤ በ2017 የብሪታንያ ፓርላማ ተከራከረበት። በዚያው ዓመት የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት አሠሪዎች ሴቶችን ታኮ እንዲያደርጉ ማስገደድ እንዳይችሉ ደነገገች። ፊሊፒንስም ቆመው ለሚውሉ ሠራተኞች ተመሳሳይ መመሪያ አወጣች። በ2019 ደግሞ የጃፓን ሴቶች ተነሱ። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገርማል። ባለ ታኮ ጫማ ድሮ የወንድ ፈረሰኛ ጫማ ነበር። የፋርስ ፈረሰኞች እርካብ ላይ ቆመው ቀስት ሲወረውሩ እግራቸው እንዳይንሸራተት ያደርጉት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ሲገባም የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ ያደርግ ነበር። የእኛ አገር ፈረሰኞች ለዚህ ታኮ አላስፈለጋቸውም፤ በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ ጠባቡ እርካብ ውስጥ አስገብተው ይጋልቡ ነበር።

ወደ አንቺ ልመለስ። መጀመሪያ “ሴቶች ታኮ ያድርጉ” የሚል የጽሑፍ መመሪያ መኖር አለመኖሩን አጣሪ። ብዙ ቦታ የተጻፈው “ንጹሕና ሥርዓት ያለው አለባበስ” የሚል ብቻ ነው፤ የቀረው የአለቃ አመል ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ከፍ ያለ ታኮ ለእግርሽ እንደማይስማማ የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቂና ለሰው ኃይል ክፍሉ በደብዳቤ አስገቢ፤ ቅጂ ይኑርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ይኼን በቁጣ ሳይሆን በትሕትና ጥቀሽው። ከተቻለ ብቻሽን አትሂጂ። እርግጠኛ ነኝ ከአጠገብሽ ያሉት ልጆችም ጠረጴዛ ሥር ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚውሉት። ተነጋገሩና አብራችሁ ግቡ። ለሥራ አስኪያጁም “ምንም አላደርግም” ከማለት ይልቅ ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ጫማ አድርገሽ ግቢና ይየው። ብዙ አለቆች የሚፈሩት ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ ነው።

አጭር ነኝ ያልሽውንም አልዘነጋሁትም። ታኮ ስታደርጊ ቀና ብለሽ እንደምትሄጂ፣ ሰው ፊት ስትቆሚ ልብ እንደሚሰጥሽ ይገባኛል። ያን ስሜት ተዪው አልልሽም። ታኮሽን ለሚገባው ቀን አስቀምጪው ነው የምለው። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሦስት ሰዓት ያደረግሽው ታኮ፣ ባትሽን እየሳብሽ እስካለሽ ድረስ፣ የዕለት ተዕለቱን ያህል አይጎዳሽም።

እንደዚያ ዓይነት ቀን ደግሞ ጥር ላይ አለሽ። እንኳን ደስ አላችሁ! ሚዜ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ነው የምትውለው። ሙሽራ ማልበስ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ በማግሥቱ መልስ አለ። 10 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ከሄድሽ ከሰዓት በኋላ ፈገግታሽ ያልቃል። ከ4 ወይም ከ5 የማይበልጥ፣ ታኮው ወፈር ያለና ቁርጭምጭሚትሽ ላይ በማሰሪያ የሚያዝ ጫማ ምረጪ። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ቤት ውስጥ እያደረግሽ አለማምጂው። ለጭፈራው ፍላት ይዘሽ ሂጂ፤ ለእህትሽም አንድ ያዢላት፤ ሙሽሮች ሁልጊዜ ይረሱታል።

ሌላው ደግሞ ቀሚሱ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ልትለኪ ስትሄጂ ያንኑ ዝቅ ያለ ጫማ አድርገሽ ሂጂ። ብዙ ሴቶች ረጅሙን ታኮ አድርገው ይለኩና ቀሚሱ በዚያ ቁመት ይሰፋል። በሠርጉ ዕለት እግራቸው እየተቃጠለ እንኳ ማውለቅ አይችሉም፤ ካወለቁ ቀሚሱ መሬት ይጠርግና ይጠልፋቸዋል። ሌሎቹ ሚዜዎችም ሳይለኩ አሁኑኑ ደውዪላቸው፤ ሁላችሁም በአንድ ከፍታ ተስማሙ። የሐኪም ቀጠሮሽን ደግሞ ከሠርጉ በፊት አድርጊው፤ ድንዛዜው እስከ ጥር አይቆይ።